የኢትዮጵያ ገጠር የቀድሞ የመልክዐ ምድር ካርታዎች

የመልክዐ ምድር ካርታ (ቶፖግራፊያዊ ካርታ) የአንድን አካባቢ ከፍታና ዝቅታ፣ ወንዝ፣ መንገድ፣ መንደርና ቤተ ክርስቲያን በስኬል ለክቶ የሚያሳይ ካርታ ነው። ከሌሎች ካርታዎች የሚለየው በዋናነት በኮንቱር መስመሮቹ ነው። ኮንቱር ማለት እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኝ መስመር ሲሆን፣ መስመሮቹ የተቀራረቡበት ቦታ ገደል፣ የተራራቁበት ደግሞ ሜዳ ነው። በኢትዮጵያ ለብዙ ትናንሽ የገጠር መንደሮች የቆየ ካርታ ስማቸው ከሚገኝባቸው ጥቂት የጽሑፍ ማስረጃዎች አንዱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ካርታዎች

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ ማኑኤል ዴ አልሜይዳ የኢትዮጵያን ካርታ ሠርቶ ነበር። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍም እ.ኤ.አ. በ1683 ካርታ አሳትሟል። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ብዙ ነገር የተማረው አውሮፓ ከመጡት ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። እነዚህ ካርታዎች ጣናን፣ ዓባይንና ታላላቅ አውራጃዎችን ያሳያሉ እንጂ የአንድን መንደር ትክክለኛ ቦታ ለማወቅ አይረዱም።

በመሣሪያ የተደገፈ ሰፊ ልኬት ያካሄደው እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 በአገሩ የቆየው አንትዋን ዳባዲ ነው። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ ተራራ ላይ ወጥቶ በቴዎዶላይት ወደሚታዩት ጫፎች ሁሉ ያለውን ማዕዘን መለካት፣ የእያንዳንዱን ስም መጠየቅ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ተራራ መሄድ ነው። አንድ ጫፍ ከሁለት ቦታ ከተለካ ቦታው በስሌት ይገኛል። ዳባዲ የአገሩን ቋንቋዎች ያጠና፣ ኋላም የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመ ሰው ስለነበር፣ የመዘገባቸው ስሞች ከብዙ ተጓዦች ይልቅ የታመኑ ናቸው።

የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ

የካርታ ስሕተት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የሚያሳየው የታወቀው ምሳሌ በዓድዋ ጦርነት የተፈጸመው ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሌሊት የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ጦሩን በጨለማ ወደ ፊት ሲያንቀሳቅስ፣ ለብርጌድ አዛዦቹ በእጅ የተነደፈ ካርታ ሰጥቷቸው ነበር። የግራው ክንፍ አዛዥ ጄኔራል አልበርቶኔ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ።

በንድፉ ላይ ይህ ስም የተጻፈበት ኮረብታ ግን የአገሬው ሰው በዚህ ስም የሚጠራው አልነበረም። አልበርቶኔ በካርታው የታየው ቦታ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ፊት፣ ወደ ዓድዋ አቅጣጫ እንደሆነ ነገሩት። ስሙን ተከትሎ ሄደ። ሲነጋ ከሌሎቹ ብርጌዶች ርቆ፣ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ፊት ተገኘ። ብርጌዱ ተደመሰሰ፣ እርሱም ተማረከ። የጣሊያን ሽንፈት ብዙ ምክንያቶች አሉት፤ የኢትዮጵያን ጦር ብዛት፣ ትጥቅና ጀግንነት ትቶ ሁሉን ነገር በካርታ ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ቢሆንም የጦሩ መበታተን የጀመረው ከዚህ ስም ነው።

ስሕተቱ ለምን እንደተፈጠረ ለመረዳት የሰሜን ኢትዮጵያን የቦታ አሰያየም ማወቅ ያስፈልጋል። «እንዳ» በትግርኛ ቤት ማለት ሲሆን፣ እንዳ ኪዳነ ምሕረት ማለት የኪዳነ ምሕረት ቤት፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያኗ ናት። ቦታዎች በደብራቸው ስም ይጠራሉ፤ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ ሚካኤል በየሸለቆው ይደጋገማሉ። ከሩቅ የመጣ ካርታ ሠሪ የጠቆመው ኮረብታውን፣ መልስ ሰጪው ያሰበው ደግሞ ከኮረብታው ባሻገር ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል።

የአየር ፎቶግራፎች

እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ጣሊያኖች የኢትዮጵያን ሰፊ ክፍል ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ አንሥተዋል። ዓላማው ወታደራዊና አስተዳደራዊ ነበር። ወደ 34,000 የሚጠጉት ፎቶግራፎች በ8,281 ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው በአዲስ አበባ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ለአሥርተ ዓመታት ተቀምጠው ቆይተዋል። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አራት ፎቶግራፎች አሉ፤ አንዱ በቀጥታ ወደ ታች፣ ሦስቱ ወደ ጎን ያዘነበሉ ናቸው። በቅርብ ዓመታት የኢትዮጵያና የቤልጅየም ተመራማሪዎች አጥንተዋቸዋል።

ጥቅማቸው ከጦርነቱ ታሪክ ያልፋል። ዛፉ፣ የእርሻ ማሳው፣ ቦረቦሩ ሁሉ ይታያልና የዛሬው መሬት ከቀድሞው ጋር ሊነጻጸር ይችላል። በተመሳሳይ መንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ከ140 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ቆመው እንደገና ያነሡ ተመራማሪዎች፣ በብዙ ቦታዎች የዛፍ ሽፋኑ ከድሮው የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። «ከመቶ ዓመት በፊት የአገሩ 40 በመቶ ደን ነበር» የሚለው በየመማሪያ መጽሐፉ የሚደገም አባባል በማስረጃ ደካማ መሆኑን የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ከዚያ ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር።

የ1፡50,000 ካርታዎች

ዛሬ ተማሪዎች የሚያውቁት ካርታ መሠረቱ የተጣለው በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። መጀመሪያ ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት፣ ቀጥሎም በኢትዮጵያና በአሜሪካ የጋራ የካርታ ሥራ ተልእኮ፣ የልኬት ነጥቦች በተራሮች ላይ ተተከሉ። ሥራውን የቀጠለው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጦ አሁን በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ይገኛል።

በዚህ ስኬል በወረቀት ላይ 2 ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሉህ በኬክሮስም በኬንትሮስም 15 ደቂቃ፣ ማለትም በየጎኑ ወደ 27 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። የሉሁ ቁጥር ከኬክሮስና ከኬንትሮስ ይወጣል፤ ለምሳሌ 0938 ብሎ የሚጀምረው ከ9ኛው ዲግሪ ሰሜንና ከ38ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ይነሣል። በመርካቶ አጠገብ ያለው መሳለሚያም በዚሁ ክልል ውስጥ ነው።

የድሮውን ሉህ በኮምፒውተር ከሳተላይት ምስል ጋር ለማጋጠም የሚሞክር ሰው አንድ ችግር ይገጥመዋል። የቀድሞዎቹ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለ ዳተም ነው፤ ስሙ የተወሰደው ከአንድ የልኬት ነጥብ ነው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደግሞ ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 የተባለውን ነው። ሁለቱን ሳያስታርቁ ቁጥሩን እንዳለ ካስገቡት ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይሳሳታል። በገጠር ይህ ርቀት አንድን ምንጭ ከወንዝ ማዶ ለማስቀመጥ ይበቃል፤ በከተማ ደግሞ መሳለሚያን ሌላ ሰፈር ውስጥ ያስገባታል።

የስሞች ጉዳይ

ካርታ ስምን አንድ ነጥብ ላይ ይቸክላል፣ ሰው ግን ስምን እንዲህ አይጠቀምበትም። «መሳለሚያ» የሚለው ቃል ራሱ የሚሳለሙበት ቦታ ማለት ነው፤ ትርጉሙ የሚገኘው ከቦታው ሳይሆን ከዚያ ሆኖ ከሚታየው ቤተ ክርስቲያን ነው። አንዳንድ ስም ደግሞ ከታሪክ ጋር ይመጣል። «መርካቶ» በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ሲሆን፣ በወረራው ዘመን የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ሲዛወር የቀረ ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠራ የአዲስ አበባ ካርታ ላይ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። በገጠር ሉሆች ላይም ከሉሁ የሕትመት ዓመት በኋላ የተቋቋመ መንደር አይገኝም፤ በሰፈራ ወይም በድርቅ የተለቀቀ መንደር ግን እስከነስሙ ይገኛል።