በቀን 34 ሱጁድ

 

ፋይናል ሲቃረብ ብዙዎቻችን አንድ ዓይነት ችግር ይገጥመናል። መግሪብን በጀማዓ ለመስገድ ከግቢ ወጥተን መስጂድ እንሄዳለን። ተክቢራ ካደረግን በኋላ ግን ልባችን ዶርም ትተነው የመጣነው ጥያቄ ላይ ነው። ኢማሙ ሲያሰላምት የቀራውን ሱራ እንኳ አናስታውስም። ተመልሰን ስናጠና ደግሞ ያልሰገድነው ዒሻ ያሳስበናል። ሁለቱም ቦታ ላይ በልባችን የለንም።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው መስጂድ ገብቶ ሰገደ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳልሰገደ ነግረውት ተመልሶ እንዲሰግድ አዘዙት። ይህ ሦስት ጊዜ ተደገመ። ሰውየው ከዚህ የተሻለ እንደማያውቅ ሲናገር፣ በሩኩዕ፣ ከሩኩዕ ቀና ሲል፣ በሱጁድና በሁለቱ ሱጁዶች መካከል እስኪረጋጋ እንዲቆይ አስተማሩት። ይህ መረጋጋት ጡመእኒና ይባላል። በሻፊዒይ መዝሀብ የሶላት ሩክን ነው። ትንሹ መጠኑ አካል ዐርፎ አንዴ «ሱብሓነላህ» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነው።

ሰውየው የታዘዘው አካሉን እንዲያሳርፍ መሆኑን ልብ እንበል። ሐሳብ እንዳይመጣ መከልከል አንችልም። አካላችን ሲረጋ ግን ልባችን መሄዱን እናውቃለን፤ ስናውቅ እንመልሰዋለን። በቀን 17 ረከዓ ፈርድ እንሰግዳለን፤ በውስጡ 34 ሱጁድ አለ። ልብን መመለስ በየቀኑ 34 ጊዜ መለማመድ እንችላለን ማለት ነው።

ከሶላት በፊትም የምናደርገው አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እራት ቀርቦ ኢቃማ ከተደረገ በእራቱ እንድንጀምር አስተምረዋል። ሐሳባቸውን የሳበ ጥለት ያለበትን ልብስም ሰግደው ሲጨርሱ አውልቀው መልሰዋል። እኛም ስልካችንን እናጥፋ፤ ያልተፈታውን ጥያቄ የት እንዳቆምነው በወረቀት ጽፈን እንሂድ። ተመልሰን ስንመጣ እዚያው ይጠብቀናል።

ካሰላመትን በኋላም ጫማችንን ለመፈለግ አንሩጥ። ሱብሓነላህ 33፣ አልሐምዱሊላህ 33፣ አላሁ አክበር 33 ብለን፣ መቶኛውን በላ ኢላሀ ኢለላህ ዚክር ለመሙላት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በጣታችን ቀስ ብለን እንቁጠር።

በዚህ የፈተና ውጤታችን ይሻሻላል ብለን ቃል አንገባም፤ ያ በጥረታችንና በአላህ ቀደር ነው። የሰገድነው ሶላት ግን የምር ሶላት ይሆንልናል። ከዛሬው ዒሻ እንጀምር።

አላህ ልባቸው ከአካላቸው ጋር ከሚሰግዱት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።