የዱር አራዊትን ለመጐብኘት ስለሚደረግ የጕዞ ዝግጅት

«ሳፋሪ» የተባለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የኬንያን ሜዳና የፈረንጅ አዳኝን ነው። ቃሉ ግን ከነጋዴ የራቀ አይደለም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ከዐረብኛ ወስደው «ጕዞ» ለማለት የሚጠቀሙበት ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ተነሥቶ ዕቃ እያስጫነ ወደ መሐል አገር የሚዘልቀው የንግድ ጓዝ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። እኛ ሲራራ የምንለው መሆኑ ነው። የሲራራ ነጋዴ ወራቱን ሳይመርጥ፣ ስንቁን ሳያሰላና የመንገዱን ወሬ ሳይጠይቅ አይነሣም ነበር፤ የዛሬው አገር ጐብኚም ቢሆን ከዚህ የተለየ ጥበብ አያስፈልገውም።

በዘመናችን ሳፋሪ ሲባል ጠመንጃ ይዞ መውጣት አይደለም። በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ማደን በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ለጐብኚ የሚፈቀድለት ማየትና ፎቶግራፍ ማንሣት ብቻ ነው። ለዚህም ናይሮቢ ድረስ መሄድ አያሻም። ከወልቂጤ ወደ ጅማ ካሚዮን የሚልክ ነጋዴ ሁሉ፣ መኪናው ወደ ጊቤ ወንዝ ሲወርድ በጐኑ የሚታየው ቆላ የጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ መሆኑን ሊያውቀው ይገባል። ፓርኩ ከወልቂጤ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። በቁጥቋጦው ውስጥ አጋዘን፣ ድኩላ፣ ከርከሮ፣ ዝንጀሮና ጉሬዛ ይኖሩበታል፤ በወንዙም ውስጥ ጉማሬና አዞ አሉ።

አራዊቱ ከዋናው መንገድ ይህን ያህል ቀርበው እስከ ዛሬ የቆዩበት ምክንያት ሊታወቅ የሚገባው ነው። የጊቤ ቆላ ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ መኖሪያ ስለ ነበረ፣ ገበሬው በሬውንና ላሙን ይዞ ወደ ሸለቆው ለመውረድ ለብዙ ዘመን ሲፈራ ኖሯል። ለከብት አርቢው መቅሠፍት የሆነው ዝንብ ለአጋዘኑ ዘበኛ ሆኖለት ነበር ማለት ይቻላል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ግን ዝንቡን ለመቀነስ በዚያው ሸለቆ ብዙ ምርምርና ሥራ ተካሂዷል፤ ዝንቡ በቀነሰበት ስፍራ ሁሉ እርሻና ከብት ተከትሎ ወርዷል። ስለዚህ ዛሬ የአጋዘኑ ጥበቃ የወደቀው በፓርኩ ሠራተኞች ትከሻ ላይ ነው።

ወደ ጊቤ የሚሄድ ሰው በሥዕል ያየውን እንዳይጠብቅ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ብሔራዊ ፓርክ በሆነው በታንዛንያው ሰረንጌቲ፣ የቆርኬ ዘመድ የሆነው ዊልድቢስት ከሚሊዮን በላይ ሆኖ በገላጣ ሜዳ ላይ ሲጓዝ ከመኪና ሳይወርዱ ይታያል። የእኛው ሸለቆ ግን የቁጥቋጦ አገር ነው። አጋዘን ቀንዱ ያን ያህል የረዘመ ሆኖ ሳለ በጥቂት ቅጠል ውስጥ ቆሞ የማይታይ ፍጡር ነው፤ እርሱን ለማየት ከመኪና ወርዶ ከፓርኩ ጠባቂ ጋር በዝግታ መራመድን ይጠይቃል። ቀኑን ሙሉ ተደብቆ ይውልና ጎሕ ሲቀድና ሊመሽ ሲል ለመብልና ለውሃ ይወጣል። ጉማሬም ሌሊት ሣር ሲግጥ ያድርና ቀን ውሃ ውስጥ ይተኛል።

ከዚህ የሚከተለው ሂሳብ ለወልቂጤ ሆቴል ቤቶች እጅግ የሚጠቅም ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ጐብኚው በ12 ሰዓት ከአዲስ አበባ ቢነሣ ሸለቆው የሚደርሰው ወደ 4 ሰዓት ግድም፣ ፀሐይ ከበረታችና አጋዘኑ ከጥላ ከገባ በኋላ ነው። እንዲህ አድርገው ሄደው «እዚያ ምንም የለም» እያሉ የተመለሱ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። አውሬ ለማየት የሚፈልግ ሰው የግድ በወልቂጤ ማደር አለበት። ሆቴሉም እንግዳውን «ነገ ጊቤ ትወርዳለህን?» ብሎ ማታውኑ ቢጠይቀውና ቁርሱን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቢያቀርብለት፣ እንግዳው ሁለተኛ ሌሊት የማደሩ ነገር የታመነ ነው።

የወራቱ ጉዳይ ከሰዓቱም ይልቅ የከበደ ነው። ሀገር ቤታችን በሰው የሚሞላው በመስቀል መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከአዲስ አበባና ከሌላም ስፍራ የሚመጣው ዘመድ ልጆቹን ይዞ፣ መኪናውን ይዞ ይመጣል፤ አንድ ቀን ወጣ ብሎ መናፈስም ይወዳል። ነገር ግን መስከረም ክረምቱ ገና የወጣበት ወር ነው። ሣሩ የሰው ቁመት ያህላል፤ ውሃ በየጐድጓዳው ስላለ አራዊቱ ተበታትነዋል፤ መውረጃውም ጭቃ ነው። አረፋ በበኩሉ በጨረቃ ስለሚቈጠር በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ይሄዳል፤ በእነዚህ ዓመታት የሚውለው በግንቦት ገደማ፣ ወደ አርባ ምንጭ በኩል ዝናብ በሚበረታበት ጊዜ ነው። አራዊት በደኅና የሚታዩት ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው፤ ሣሩ ይወድቃል፣ ኩሬው ይደርቃል፣ እንስሳውም ከቀረው ውሃ አጠገብ ይሰበሰባል። ስለዚህ በመስቀል የመጣውን ዘመድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የጢያን ትክል ድንጋይ፣ አለዚያም በቡታጅራ አጠገብ ያለውን የሐረ ሸይጣንን ሐይቅ ማሳየት የተሻለ ነው። ለጊቤ ግን በገና ወይም በጥምቀት ሰሞን ተመልሶ እንዲመጣ ቀጠሮ ይያዝለት። በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጣ ዘመድ ለገበያችንም መልካም ነው።

የቡታጅራ ሰው ደግሞ ሰፋ ያለ ጕዞ ቢያስብ፣ ከቤቱ ተነሥቶ ያንኑ መንገድ ሳይደግም ወደ ቤቱ የሚመልሰው ዙሪያ መንገድ አለለት። በሆሳዕናና በሶዶ በኩል እስከ አርባ ምንጭ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ በአንድ ቀን ይደረሳል። በዚያ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ያለው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የሜዳ አህያው በሚሰማራበት ሜዳ ለመድረስ መንገዱ ድንጋያማና አቀበታማ ስለ ሆነ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ያስፈልጋል። ትንሽ አውቶሞቢል ያለው ሰው በጫሞ ላይ በጀልባ መሄድ ይበቃዋል፤ ይህም ማዕበሉ ሳይነሣ በጧት ቢሆን ይመረጣል። ጀልባው «የአዞ ገበያ» ወደሚባለው ስፍራ ይወስዳል። ነጋዴ አንባቢያችን ስሙን ሰምቶ ዋጋ ለመጠየቅ እንዳይነሣ፣ በዚያ የሚሸጥና የሚለወጥ ነገር የለም፤ አዞዎች ፀሐይ ለመሞቅ ተሰብስበው የሚተኙበት ዳርቻ ነው። ባለ ጀልባውን ወደ ጉማሬ እንዲቀርብ መጎትጎት ግን አይገባም።

ቆርኬ አይቶ መመለስ የሚሻ ሰው በነጭ ሳር አይድከም። ከሰንቀሌ ተወስደው በዚያ የተለቀቁት የስዌይን ቆርኬዎች እየተመናመኑ ሄደዋል። ይህ ከአገራችን በቀር በሌላ አገር የማይገኝ እንስሳ በብዛት የሚታየው በዚያው በሰንቀሌ መጠበቂያ ነው። ከሶዶ በሐላባ በኩል ወደ ሻሸመኔ ሲመለሱ በአጄ አካባቢ ስለሚገኝ፣ ለዙሪያችን መንገድ ደግ ማረፊያ ነው። ከሻሸመኔ በኋላ የአቢጃታ ሻላ ፓርክ ይከተላል። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው፤ አቢጃታ ግን ወደ እርሱ የሚገባው ውሃ ለመስኖና ለሶዳ አሽ ሥራ ስለ ተቀነሰበት ከዳርቻው እየሸሸ ሄዷል። ከዚያ በዝዋይ አድርጎ ቡታጅራ መግባት ነው። ይህን ዙሪያ ከአምስት ቀን ባነሰ ጊዜ ለመጨረስ የሚሞክር ሰው የሚያየው አስፋልቱን ብቻ ነው።

ስለ ወጪው ሲታሰብ፣ የመኪናው ኪራይ፣ ቤንዚኑ፣ የሾፌሩ አበልና የጠባቂው ክፍያ ሁለት ሰዎች ቢሄዱም አምስት ቢሄዱም ያው ነው፤ በሰው ቍጥር የሚጨምረው የመግቢያው፣ የአልጋውና የምግቡ ሂሳብ ነው። ስለዚህ መኪና ሳይሞላ መነሣት ኪሳራ ነው። የመግቢያው ዋጋ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ አገር ሰው የተለያየ ስለሆነ መታወቂያ መያዝ፣ የተከፈለበትንም ደረሰኝ እስኪመለሱ ድረስ ማስቀመጥ ይገባል። ከመነሣት በፊት የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሎ መጠየቅ እንደ ትርፍ ነገር አይታይ። ጊቤም ሆነ አርባ ምንጭ የወባ አገር ስለሆኑ አጎበር አይረሳ። ሾፌሮችም በመንገድ ዳር ለሚቀመጡ ዝንጀሮዎች ሙዝና ዳቦ መወርወራቸውን ቢተዉ መልካም ነው፤ የለመደው ዝንጀሮ አስፋልት ላይ እየወጣ በመኪና ይገጫል።

ስንቅን በሚመለከት፣ ክትፎ ይዞ ወደ ቆላ መውረድ ስሕተት ነው፤ በጊቤ ሙቀት ግማሽ ቀን አይቆይም። ክትፎውን ለመመለሻ በወልቂጤ አዝዞ መሄድ ይሻላል። ቆጮ ግን በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከተያዘ ለብዙ ቀን መንገድ የታመነ ስንቅ ነው።