386 እና 486 ማዘርቦርድ አልነሳ ሲል

ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ራሙን ከመነካካታችሁ በፊት ባትሪውን እዩት። በዚያ ዘመን ብዙ ቦርዶች ላይ የተበየደው በርሜል መሳይ 3.6 ቮልት ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ሲያረጅ ያፈሳል። ፈሳሹ አሲድ ሳይሆን አልካላይን ነው፤ መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል። ብዙ ጊዜ የኪቦርድ ኮንትሮለሩ ቺፕ እዚያው አጠገብ ስለሚገኝ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

ባትሪውን አውጡት። ቦታውን አቼቶ በነካ የጥርስ ብሩሽ አሹት፣ በተጣራ ውሃ እጠቡት፣ በአልኮል ጥረጉትና በደንብ ይድረቅ። ከዚያ እያንዳንዱን የመዳብ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በመልቲሜትር ለኩ። ለዓይን ደህና የሚመስል መስመር ከቦርዱ አረንጓዴ ቀለም ሥር ተበጥሶ ሊገኝ ይችላል። እዚህ ላይ በፍጹም አትቸኩሉ፤ ብዙ ቦርድ «ሞቷል» ተብሎ የሚጣለው በአንድ የተበጠሰ መስመር ነው።

የኤቲ ፓወር ሰፕላዩን ሁለት ሶኬቶች ስትሰኩ ጥቁር ሽቦዎቹ መሃል ላይ ይገናኙ፤ ከተገላበጡ ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል። 5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 ውስጥ ይሁን። ፓወር ሰፕላዩ በርቶ ወዲያው ከጠፋ፣ 12 ቮልቱ ላይ ሾርት የሆነ ታንታለም ካፓሲተር ፈልጉ።

አሁንም ዝም ካለ ፖስት (POST) የሚባለውን የመመርመሪያ ካርድ አይሳ (ISA) ስሎት ላይ ሰኩ። ካርዱ ባዮሱ የሚልከውን ኮድ በሁለት አሃዝ ያሳያል። ምንም ኮድ ካልመጣ ክሎኩን፣ የሪሴት መስመሩንና የባዮስ ቺፑን መርምሩ። ኮዱ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ግን ትርጉሙን ከራሱ ከባዮሱ ሠሪ ሠንጠረዥ ፈልጉ፤ የአሚ እና የአዋርድ ኮዶች አንድ አይደሉም።