ለትንሿ የእጅ መጫወቻ የማይስማሙ ጨዋታዎች

ለልጅ ዕቃ ሲገዛ ከዋጋው አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ስምምነቱ ነው። ጫማ ምንም ያማረ ቢሆን፥ ልኩ ካልሆነ እግርን ይልጣል እንጂ አያስጌጥም። በዛሬው ዘመን በብዙ ቤት የሚገባው የቪዲዮ ጨዋታም እንደዚሁ ነው። ጨዋታው መልካም፥ መሣሪያውም መልካም ሆኖ ሳለ፥ ሁለቱ ሳይገጣጠሙ ቀርተው ልጅ የሚያዝንበት፥ ወላጅም ገንዘቡን በከንቱ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ለቤተ ሰብ አሳዳሪዎች ይጠቅም ዘንድ የነገሩን ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ በ1889 ዓ.ም. የመጫወቻ ካርታ ለመሥራት የተቋቋመው ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ፥ በማርች ወር 2017 ዓ.ም. ስዊች የሚባል መሣሪያ አወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው)። ይህ መሣሪያ በሦስት ዓይነት አኳኋን ያጫውታል። አንደኛው ከቴሌቪዥን ጋራ ተያይዞ፥ ሁለተኛው በጠረጴዛ ላይ በራሱ እግር ቆሞ፥ ሦስተኛው በእጅ ተይዞ ነው። በግራና በቀኙ ያሉት ጆይ-ኮን የሚባሉት ሁለቱ መቈጣጠሪያዎች እየተነቀሉ ለሁለት ሰዎች ይታደላሉ፤ ስለዚህ አንዱ መሣሪያ ወንድምና እኅትን ባንድ ጊዜ ያጫውታል።

ስዊች ላይት የተባለችው ታናሺቱ ግን በሴፕቴምበር 20 ቀን 2019 ዓ.ም. ስትወጣ፥ ከነዚህ ከሦስቱ ለአንዱ ብቻ፥ ይኸውም በእጅ ለመያዝ የተሠራች ናት። ክብደቷ 275 ግራም ያህል ስለ ሆነ ለልጅ እጅ የቀለለች ናት። ዋጋዋም በወጣችበት ጊዜ በአሜሪካ 200 ዶላር ገደማ ነበረ፤ ታላቁ ግን 300 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ነገር ግን ለዚህ ቅናሽ ሲባል የተተወ ነገር አለ። ከቴሌቪዥን ጋራ አትያያዝም፤ የምትቆምበት እግር የላትም፤ መቈጣጠሪያዎቿም ከአካሏ ጋራ አንድ ሆነው ስለ ተሠሩ አይነቀሉም። በጆይ-ኮን ውስጥ የሚገኘው ረቂቅ ንዝረትና በቀኙ ጆይ-ኮን ላይ ያለው ካሜራም በርስዋ ዘንድ የሉም።

እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። ገበጣ ያለ ተጋጣሚ፥ የገና ጨዋታም ያለ ሜዳ እንደማይሆን ሁሉ፥ ሰዎች ተሰብስበው እንዲጫወቱት የታሰበ ጨዋታም ባንድ ሰው እጅ ውስጥ ሊታሰር አይችልም።

ለምሳሌ ከታላቁ ስዊች ጋራ ባንድ ቀን የወጣውን ዋን-ቱ-ስዊች የተባለውን እንመልከት። በውስጡ 28 አጫጭር ጨዋታዎች አሉበት፤ ተጋጣሚዎቹም መስኮቱን ትተው እርስ በርሳቸው ዓይን ለዓይን እየተያዩ ይወዳደራሉ። አንዱ ጨዋታ ላም ማለብ ሲሆን፥ ጆይ-ኮኑን የላም ጡት እንደሚያልቡ አድርገው ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱታል። በሌላውም ጆይ-ኮኑን እያዘነበሉ፥ በውስጡ ኳስ የሚንከባለል የሚያስመስለውን ንዝረት በእጃቸው እያዳመጡ የኳሶቹን ቍጥር ይገምታሉ። መቈጣጠሪያው ከመስኮቱ ጋራ ከተጣበቀ ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል? በ2018 ዓ.ም. የወጣው ሱፐር ማሪዮ ፓርቲም ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጆይ-ኮን ይዘው የሚጫወቱት ስለ ሆነ፥ መሣሪያው በእጅ እንደ ተያዘ አይሠራም።

በ2019 ዓ.ም. የወጣው ሪንግ ፊት አድቬንቸር ደግሞ የሰውነት ማጠንከሪያ ነው። አንዱ ጆይ-ኮን በእጅ በሚጨመቀው ቀለበት ላይ ይሰካል፥ ሁለተኛው በጭን ላይ በሚታሰረው ማሰሪያ ውስጥ ይገባል፤ ተጫዋቹም ባለበት ቆሞ ይሮጣል፥ ቍጢጥ ብሎም ይነሣል። ትንሿን መስኮት ራቅ አድርጎ ቢያስቀምጣት እንኳ፥ እየሮጠ አጥርቶ ለማየት ይቸገራል። ላቦ በተባለው በ2018 ዓ.ም. በወጣው መጫወቻ ልጆች ካርቶን እያጠፉ ፒያኖና የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይሠራሉ። የፒያኖው ቁልፍ ሲነካ የትኛው እንደ ተነካ የሚለየው የቀኙ ጆይ-ኮን ካሜራ ነው፤ ካርቶኑም የተቈረጠው በታላቁ መሣሪያ ልክ ነው።

ከዚህም ሌላ የፊደል ማነስ አለ። የመጀመሪያው ስዊች መስኮት 6.2 ኢንች፥ የታናሺቱ ግን 5.5 ኢንች ነው። ልዩነቱ ጥቂት ቢመስልም፥ ስፋቱ ሲሰላ አንድ አምስተኛ ያህል ይጐድላል። ስለዚህ እንደ ፋየር ኤምብለም ስሪ ሃውስስ ያለው ብዙ ንባብ ያለበት ጨዋታ፥ ምንም እንኳ በርስዋ ላይ ቢሠራ፥ ዓይንን ያደክማል። በመሣሪያዪቱ ውስጥ ሥዕሉን ማጉያ መንገድ አለ፤ ሆኖም አንዱን ክፍል ባጐሉት ጊዜ የቀረው ከመስኮቱ ይወጣል።

መፍትሔ የለውምን? ቢባል፥ በከፊል አለው። ጆይ-ኮን ለብቻው ተገዝቶ ያለ ሽቦ ከላይት ጋራ ይገናኛል። ነገር ግን ሒሳቡን ማስላት ይገባል። የጥንዱ ጆይ-ኮን ዋጋ በዚያው ጊዜ በአሜሪካ 80 ዶላር ገደማ ነበረ። ላይት እርሱን በኤሌክትሪክ ልትሞላው ስለማትችል መሙያ፥ እግርም ስለሌላት ማቆሚያ ይገዛል። እንዲህ ሲሆን ታናሺቱን በመግዛት የተቈጠበው 100 ዶላር ያልቃል፤ መስኮቷ ግን ያው ትንሽ እንደ ሆነ ይቀራል።

ይህን ስንል መሣሪያዪቱን መንቀፋችን አይደለም። ከርስዋ ጋራ ባንድ ቀን የወጣው የዜልዳ ጨዋታ ሊንክስ አዌክኒንግ፥ በ2020 ዓ.ም. የወጣውም አኒማል ክሮሲንግ ኒው ሆራይዘንስ በእጅ ተይዘው መልካም ሆነው ይሠራሉ። የማሪዮን ግብዣ ለሚወድ ልጅም በ2021 ዓ.ም. የወጣው ማሪዮ ፓርቲ ሱፐርስታርስ በቁልፍ ብቻ የሚሠራ ስለ ሆነ ይስማማታል። በጁን ወር 2025 ዓ.ም. ለወጣው ለስዊች 2 ብቻ የተሠሩት ጨዋታዎች ግን በላይት ላይ ከቶ አይሠሩም፤ ስማቸው ተቀራራቢ ስለ ሆነ ገዢ ሊሳሳት አይገባውም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ጨዋታ ከመግዛታችሁ በፊት የማሸጊያውን ጀርባ ተመልከቱ። መሣሪያው የሚሠራባቸው ሦስቱ አኳኋኖች በትናንሽ ሥዕል ተመልክተውበታል፤ በእጅ የመያዙ ምልክት ከሌለበት፥ ጨዋታው ለላይት ብቻዋን የሚሆን አይደለም። መሣሪያውንም ከመግዛታችሁ በፊት ማን ከማን ጋራ እንደሚጫወትበት አስቡ። በመንገድ ወይም በዕረፍት ሰዓት ብቻውን ለሚጫወት ልጅ ታናሺቱ ትበቃለች። አሳባችሁ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ከእራት በኋላ ባንድነት ተቀምጠው እንዲሣሣቁ ከሆነ ግን፥ ጥቂት ገንዘብ ጨምሮ ታላቁን መግዛት ይሻላል። ታናሺቱ አንዱን ልጅ ደስ ታሰኛለች፤ የቀሩት ግን በትከሻው ላይ እያዩ ተራ ይጠብቃሉ።