ከድምፃዊው ጀርባ ያሉትን ለማየት

አንጋፋ ባንድ ከዓመታት በኋላ ተሰባስቦ መድረክ ሊወጣ ነው ሲባል ብዙ ሰው ትኬት የሚቆርጠው የወጣትነት ዘመኑን ዘፈን በናፍቆት ሊሰማ ነው። ናፍቆቱ ክፋት የለውም። ከዚያ የሚበልጠው ምክንያት ግን በካሴት ዘመን ተሸፍነው የኖሩትን ተጫዋቾች በዓይን ማየት ነው። የካሴት ሽፋን ፎቶው የድምፃዊው፣ ትልቁም ስም የእሱ ነበር። የማሕሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ማን የማያውቅ አለ? እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ ያጀበው ግን አይቤክስ ባንድ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮና ጊታር ተጫዋቹ ሰላም ስዩም ከዚያው ባንድ ተነሥተው ኋላ በሮሃ ባንድ ስንት ድምፃዊ አጅበዋል! ዘፈኑን ስናንጎራጉር አብረን የምናንጎራጉረው የቤዝና የጊታር ዜማ ባለቤት አለው።

ይህን ለማስረዳት ጋሞ ጥሩ ቦታ ነው። ከምዕራብ ዓባያ በላይ ባለው ደጋ፣ በዶርዜ፣ ሰዎች ተሰብስበው ሲዘፍኑ እያንዳንዱ የራሱን አጭር ዜማ ይዞ ከሌላው ጋር ያጠላልፈዋል። አንዱ ቢጎድል ዘፈኑ ክፍተት ያበጃል፤ ዘፈኑም የአንድ ሰው ተብሎ አይጠራም። ባንድም እንዲሁ ነው። ዋሊያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወት በደርግ ሰዓት እላፊ ምክንያት ታዳሚው እስኪነጋ አብሮት ያድር ነበር፤ እንዲህ ባሉ ሌሊቶች የተገነባ መግባባት በኖታ አይጻፍም። እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሄደው ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኩ ገብሬ እዚያው ሲቀሩ የተበተነው ይህ መግባባት ነው። ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ፣ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የ1985 ሥራው እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያውቀው ወደ መድረክ ተመለሰ፤ ከበሮና ቤዝ ይዘው ያጀቡት ግን አውስትራሊያውያን ናቸው። ድንቅ ሥራ ነው፤ ዋሊያስ ግን አይደለም።

ታዲያ ግማሹ አባል በሞት ሲለይ፣ የቀሩት ጣታቸው ሲደክም መሰባሰቡ ምን ይጠቅማል የሚል አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አንድ የቀድሞ አባል ብቻ ይዞ በድሮ ስም ትኬት መሸጥም ታዳሚን ማታለል ነው። ነገር ግን ሦስት አራት ሰው አብሮ ያደገበትን ምት እንደገና ሲይዝ፣ ፍጥነቱ ቢቀንስም አንዱ የሌላውን መግቢያ ቀድሞ ማወቁ ይሰማል። በለንደን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የስዊድኑ ባንድ የአባ (ABBA) አባላት በዲጂታል ምስል ብቻ ሲታዩ እንኳ፣ ከምስሉ ጎን 10 ተጫዋቾች መድረክ ላይ በቀጥታ ይጫወታሉ፤ ያለ ሰው እጅ የቆመ ምስል ለኮንሰርት አልበቃም።

ይልቅ የሚከብደው ርቀቱ ነው። እንዲህ ያለ ዝግጅት ከአዲስ አበባና ከዋሽንግተን እምብዛም አይወጣም፤ በምዕራብ ዓባያ ያለችው የብርብር ከተማ ነዋሪ ከትኬቱ በላይ የመንገድና የማደሪያ ወጪ አለበት። ከአንጋፋው ይልቅ ወጣቱ ባንድ መድረክ ያግኝ የሚለው ክርክርም እዚህ ላይ ነው የሚነሣው፤ ሁለቱ ግን አይጋጩም። አዘጋጅ የአንጋፋዎቹን ኮንሰርት አርባ ምንጭ ድረስ ቢያመጣ፣ የከተማውን ወጣት ተጫዋቾች ከነሱ ጋር ቢያለማምድ፣ በማስታወቂያውም ላይ የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም ከነመሣሪያው ቢያትም፣ የቤዙ መስመር ከማን እጅ እንደወጣ ወጣቱ በዓይኑ አይቶ ይማር ነበር።