የእንፋሎት ባቡርን ማደስ፦ ከአሞራ ገደል ድስት እስከ ድሬዳዋ ወርክሾፕ

ሐዋሳን የረገጠ ሰው አሞራ ገደልን ሳያይ አይመለስም። ጀልባዎች የሌሊቱን ዓሣ ይዘው ወደ ዳር ሲጠጉ፣ አባ ኮዳዎች ከዓሣ ቆራጮቹ አጠገብ ተሰልፈው ድርሻቸውን ሲጠብቁ፣ ከዳሶቹ ሥር ደግሞ የዓሣ ሾርባ በትልልቅ ድስት ሲንተከተክ ማየት የዘወትር ትዕይንት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጥቂት ተማሪዎቼ ጋር ሾርባ ስንጠብቅ የአንዱ ድስት ክዳን ከፍ ዝቅ እያለ ይንኳኳ ነበር። «ይህን ክዳን የሚያነሣው ምንድን ነው?» ስል ጠየቅኋቸው። «እንፋሎት ነዋ፣ ዶክተር!» አሉኝ እየሳቁ። «ይኸው እንፋሎት ከጅቡቲ ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ ፉርጎ ሙሉ ሰውና ዕቃ ይጎትት እንደነበርስ?» ብዬ ስቀጥል ግን ሳቁ ቆመ። ስለ ባቡሩ ሁሉም ሰምተዋል፤ በምን ይሄድ እንደነበር ግን ያሰበ አልነበረም።

ልወቅሳቸው አልቻልኩም። እኔም ለዶክትሬት ትምህርቴ እንግሊዝ አገር በነበርኩበት ጊዜ በዚሁ ጉዳይ አፍሬ አውቃለሁ። ከምኖርበት ከተማ አቅራቢያ በጎ ፈቃደኞች ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ አሮጌ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ያድሱ ነበር። እኔም የቴርሞዳይናሚክስ ፍላጎቴ ገፋፍቶኝ ሄድኩ፤ ከቦይለር ቱቦ ላይ ነጭ ቅርፊት የመፋቅ ሥራም ተሰጠኝ። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ ከየት እንደመጣሁ ጠይቀው ሲረዱ «የእናንተ ባቡር በረሃ አቋርጦ ተራራ የሚወጣ ነው፤ ለመሆኑ ውሃውን ከየት ታገኙ ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የፊዚክስ ሊቅ ለመሆን ከአገሬ የወጣሁት ሰው የአገሬን ትልቁን የሙቀት ሞተር አላውቀውም ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። አሮጌ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚሻሻልና እርሱን መንከባከብ ምን ማለት እንደሆነ እንመለከታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙም ከእንፋሎት የመጣ

«ባቡር» የሚለው ቃል ራሱ ከእንፋሎት የወጣ ነው። ፈረንሳዮች እንፋሎትን «ቫፐር»፣ ጣሊያኖች «ቫፖሬ» ይሉታል፤ ቃሉ በዐረብኛ በኩል «ባቡር» ሆኖ ወደ እኛ ዘልቋል። ሕዝባችን የእህል ወፍጮውንም «ባቡር» ማለቱ በአጋጣሚ አይደለም። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን እንኳ ባቡር ስንለው ሳናውቀው እንፋሎት ብለን እየጠራነው ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋም በዚሁ ምክንያት ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። መሥመሩ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከልም 1 ሜትር ስፋት ነበረው። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ 2300 ሜትር ከሚያልፍ ከፍታ ላይ ይወጣል። ይህን ዳገት ለበርካታ ዓሥርት ዓመታት የወጣው በእንፋሎት ኃይል ነው። በ1950ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ቦታውን ወሰዱ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መሥመር ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው።

በቦይለሩ ውስጥ ምን ይከናወናል?

በአሞራ ገደል ድስት ውስጥ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1700 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ወደ 92 ዲግሪ ይወርዳል። ግፊት ሲቀንስ የመፍሊያው ነጥብ ይወርዳል፤ ግፊት ሲጨምር ደግሞ ይወጣል። በሎኮሞቲቭ ቦይለር ውስጥ ግፊቱ ከውጪው አየር በ12 ባር ቢበልጥ ውሃው የሚፈላው በ190 ዲግሪ አካባቢ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከእሳት ሳጥኑ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ በውሃ በተከበቡ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያልፋል። ውሃው ይፈላል፤ እንፋሎቱ ወደ ሲሊንደሮቹ ሄዶ ፒስተኖቹን ይገፋል፤ ፒስተኖቹም ጎማዎቹን ያዞራሉ። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ግን ዝም ብሎ አይለቀቅም። ከጭስ ማውጫው ግርጌ በጠባብ አፍ ወደ ላይ ሲፈተለክ ጭሱን አብሮ እየጎተተ ከእሳቱ በኩል አዲስ አየር እንዲገባ ያደርጋል። ባቡሩ ዳገት ሲይዝ እንፋሎቱ ይበረታል፤ እንፋሎቱ ሲበረታ እሳቱ ይጋጋላል። ማንም ሳያዝዘው እሳቱ ራሱን ከሸክሙ ጋር ያስተካክላል። «ጩፍ ጩፍ» የሚለው የታወቀው ድምፅ የዚህ ትንፋሽ ድምፅ ነው።

ድካሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው። 1 ኪሎ ግራም ውሃ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 335 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃል። ያንኑ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ተጨማሪ 2257 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ይህ ድብቅ ሙቀት በአብዛኛው ከእንፋሎቱ ጋር በጭስ ማውጫው ይወጣል። በ190 እና በ100 ዲግሪ መካከል ለሚሠራ ሞተር የካርኖ ሕግ የሚፈቅደው ከፍተኛው ብቃት ከመቶ 19 ገደማ ነው። ተራው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በተግባር የሚያገኘው ደግሞ ከመቶ 6 እስከ 8 ብቻ ነው። በመካከላቸው ያለው ሰፊ ልዩነት ለመሐንዲሱ የተተወ የሥራ መስክ ነው።

አሮጌውን ማሻሻል

የመጀመሪያው ጠላት ጠብታ ነው። ከቦይለሩ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቀዝ ያለውን የሲሊንደር ግድግዳ ሲነካ ከፊሉ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ውሃ ደግሞ ፒስተን አይገፋም። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሽሚት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንፋሎቱን ወደ ሲሊንደሩ ከመግባቱ በፊት እንደገና በጋለ ጋዝ መካከል አሳልፎ ደረቅና እጅግ የጋለ እንዲሆን አደረገ። በዚህ ብቻ ከነዳጁ አንድ አምስተኛ ያህል ማዳን ተቻለ።

ሁለተኛው ጠላት ጥበት ነው። ፈረንሳዊው አንድሬ ሻፕሎን በ1929 አንድ አሮጌ የመንገደኛ ሎኮሞቲቭ ወስዶ የእንፋሎቱን መተላለፊያዎች አሰፋ፤ የእንፋሎቱን ግለት ጨመረ፤ የጭስ ማውጫውን አፍ እንደገና ሠራው። 2000 የፈረስ ጉልበት ገደማ የነበረው ሞተር ወደ 3000 ገደማ አደገ። ዋናው አካሉና ጎማዎቹ የቀድሞዎቹ ነበሩ። ሻፕሎን የለወጠው እንፋሎቱ የሚሄድበትን መንገድ ነው። ጠባብ በር ላይ የሚጋፋ ሕዝብ ጉልበቱን እንደሚጨርስ ሁሉ፣ በጠባብ ቱቦ የሚሄድ እንፋሎትም ሥራ ሳይሠራ ግፊቱን ያጣል።

በአፍሪካችንም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። መሐንዲሱ ዴቪድ ዋርዴል የአርጀንቲናዊውን የሊቪዮ ዳንቴ ፖርታን ሐሳቦች ተከትሎ በ1981 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቁጥር 3450 የሆነውን ሎኮሞቲቭ አሻሻለ። በቀለሙ ምክንያት «ቀዩ ሰይጣን» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ካልተሻሻሉት መሰሎቹ ጋር ሲነጻጸር የድንጋይ ከሰል ፍጆታው ከመቶ 28፣ የውሃው ደግሞ ከመቶ 30 ቀንሷል። የእንፋሎት ዘመን አበቃ በተባለበት ወቅት፣ በቆየ ማሽን ላይ የተገኘ ውጤት ነው።

ሐዋሳና ሻላ በቦይለር ውስጥ

አሁን ወደ እንግሊዛዊው ሽማግሌ ጥያቄ፣ ወደ ውሃው እንመለስ። በሎኮሞቲቭ ሕይወት ውስጥ ከእሳት ይልቅ የሚያሳስበው ውሃ ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በቂ ናቸው።

ከቦይለር የሚወጣው ንጹሕ እንፋሎት ነው። ውሃው ይዞት የመጣው ጨውና ኖራ ግን እዚያው ይቀራል። መውጫ የሌለው ሐይቅም እንዲሁ ነው፤ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨው ይከማቻል። ሻላ ጨዋማ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሐዋሳ ሐይቅም በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ሆኖም ውሃው ከሻላ ጋር ሲነጻጸር በጣም ለስላሳ ነው። ተመራማሪዎች ለዚህ የሚሰጡት ማብራሪያ ከሐይቁ ሥር ውሃ እየሰረገ ይወጣል፤ ጨውንም ይዞ ይሄዳል የሚል ነው።

የባቡር ሰዎች ይህን ዘዴ በእጃቸው ይሠሩታል። በየጊዜው ከቦይለሩ ግርጌ ያለውን ቫልቭ ከፍተው ጨው የበዛበትን ውሃ ያስወጣሉ። ይህ ካልተደረገ ቦይለሩ ሻላ ይሆናል። ውሃው አረፋ ያወጣና ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሲሊንደር ይገባል፤ ውሃ ደግሞ ስለማይታመቅ ሲሊንደሩን ሊሰብር ይችላል። ቱቦዎቹ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም ሙቀት አያስተላልፍም። ብረቱ ከውሃው ተለይቶ ለብቻው ይግላል፤ ይለሰልሳል፤ ይጎብጣል። እንግሊዝ አገር በፈቅሁት ቅርፊት ያልገባኝ ይህ ነበር። ፖርታ ለቦይለር ውሃ ኬሚስትሪ ትልቅ ትኩረት የሰጠውም ስለዚህ ነው። ውሃ በሚያጥርበት በካሩ በረሃ ደግሞ ደቡብ አፍሪካውያን በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ወደ ውሃ የሚመልሱ ሎኮሞቲቮችን አስመጥተው ነበር።

መንከባከብ ማለት ምን ማለት ነው?

አሮጌ ሎኮሞቲቭን ቀለም ቀብቶ አደባባይ ላይ ማቆም ቀላል ነው። እሳት አንድዶ ማንቀሳቀስ ግን ሌላ ኃላፊነት ነው። በ190 ዲግሪ የጋለ 3 ቶን ውሃ የያዘ ቦይለር ቢፈነዳ ከውሃው ከመቶ 17 ያህሉ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። ይህ 500 ኪሎ ግራም ይበልጣል፤ ከ800 ሜትር ኩብ የሚበልጥ ቦታም ይሞላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ብረቱ ምን ያህል እንደሳሳ በመለካት ነው። ቀጥሎም ቦይለሩ በቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶ ከሥራ ግፊቱ በላይ ይፈተናል። ቀዝቃዛ ውሃ ስለማይታመቅ ብረቱ ቢሰነጠቅ ውሃው ይንጠባጠባል እንጂ አይፈነዳም።

ማሻሻልስ? ሻፕሎን ከመቁረጡ በፊት ለካ፤ ዋርዴልም ከለወጠ በኋላ ለካና ጻፈ። በእኔ እምነት ለማሻሻያ የሚሆነው ሕግ ይህ ነው፦ የነበረውን መዝግብ፤ የለወጥከውን መዝግብ፤ ከተቻለም ወደ ነበረበት እንዲመለስ አድርገህ ለውጥ።

ከሁሉ በላይ ግን እጅና ጆሮ ያስፈልጋል። በጎረቤት ኤርትራ ከምፅዋ አሥመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር መሥመር በጦርነት ከተቋረጠ በኋላ፣ ከ1994 ጀምሮ እንደገና የተሠራው ከጡረታ በተጠሩ አዛውንት የባቡር ሠራተኞች ዕውቀት ነው። በ1930ዎቹ የተሠሩ የጣሊያን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን መልሰው አስነሥተዋል። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ባይኖሩ ኖሮ ብረቱ ብቻውን ምን ይሆን ነበር?

ከዓመታት በፊት ድሬዳዋ ሄጄ የባቡሩን ወርክሾፕ ጎበኘሁ። በናፍጣው ዘመን የሠሩ አንድ ጡረተኛ መካኒክ አግኝቼ ያንን የቆየ የውሃ ጥያቄ አነሣሁላቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኛን ያስተማሩን የእሳቱ ዘመን ሰዎች የየጣቢያውን ውሃ በምላሳቸው ይለዩት ነበር። የትኛው አረፋ እንደሚያወጣ፣ የትኛው እንደሚጋግር ቀምሰው ያውቁ ነበር።» የትኞቹ ጣቢያዎች እንደነበሩ፣ ምን ያህል ጊዜ ቦይለሩን ያጥቡ እንደነበር በዝርዝር ልጽፍ ቀጠሮ ያዝን። ጥያቄዎቼን አዘጋጅቼ በተመለስኩ ጊዜ ግን አርፈው ነበር። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያለው ያ አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ሐዋሳ ሐዲድ ደርሶባት አያውቅም። ዕውቀት ግን ሐዲድ አይጠብቅም። በየቤታችሁ የቆየ ወፍጮ ያስነሣ አባት፣ ቦይለር የጠበቀ አጎት፣ ባቡር የነዳ አያት ሊኖር ይችላል። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ቅረቧቸው። ስንት ዲግሪ፣ ስንት ባር፣ ስንት ባልዲ እንደነበር ጠይቁ፤ ጻፉት። ቀጠሮ አታስረዝሙ።

ለአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በ100 ዲግሪ ከመለቀቅ ይልቅ እስከ 40 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የካርኖ ብቃት ከመቶ ስንት ይደርሳል? ይህን በባቡር ላይ ማድረግ ለምን ያስቸግራል?
2. ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል። ይህ ፒስተኑን ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? እሳቱንስ?
3. ከሁለት የተለያዩ ጉድጓዶች እኩል መጠን ያለው ውሃ ቀድታችሁ በክፍት ዕቃ አፍልታችሁ አትንኑት። የትኛው ብዙ ነጭ ቅርፊት ተወ? ማስጠንቀቂያ፦ የሚፈላ ውሃ ያለበትን ዕቃ በፍጹም አትድፈኑ።