ያልኩትን ጻፍሽው?

እማማ ቡና እየቆሉ ነበር። እኔ ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ታብሌቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌዋለሁ። ጭሱ ወደ እኔ ሲዞር ስክሪኑን በነጠላዬ ጫፍ እጠርጋለሁ። ቦታው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከመኪና መንገድ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ነው። በዚያን ጊዜ ለአንድ የአእምሮ ጤና ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ከቤት ወደ ቤት እዞር ነበር።

«ባለፉት 2 ሳምንታት ድብርት ወይም ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ድብርት እንኳ የለብኝም ልጄ» አሉኝ፣ ብረት ምጣዱን እየወዘወዙ። «ሌሊት ሌሊት ብቻ ሐሳብ ይዞኝ ይሄዳል። ሲነጋጋ ነው የሚመልሰኝ። ቀን ደግሞ ውስጤን ያቃጥለኛል፤ እህሉም አልወርድ ይለኛል።»

ታብሌቱ አራት ምርጫ አስቀምጦልኛል፦ በፍጹም፣ አንዳንድ ቀን፣ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ቀናት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። እማማ «የለብኝም» ብለዋል። ሥልጠናው ላይ የተነገረኝ የተባለውን ብቻ እንድሞላ ነው። «በፍጹም» የሚለውን ነካሁት፤ ቀጣዩ ጥያቄ መጣ። ከታች «ሌላ ካለ ይጻፉ» የሚል ባዶ ቦታ ነበር፤ ግን ያ ታብሌት የአማርኛ ፊደል አልተጫነበትም። እኔም በጥድፊያ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ብዙ ታስባለች» ብዬ ጽፌ አለፍኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ይህ ጉዳይ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ አእምሮ ጤና ቴክኖሎጂ በተወራ ቁጥር በመጀመሪያ የሚታየኝ የእማማ ብረት ምጣድ ነው።

የጠየቅኋቸው መጠይቅ ፒኤችኪው-9 ይባላል። ሮበርት ስፒትዘር፣ ጃኔት ዊሊያምስና ከርት ክሮንኬ የተባሉ ባለሙያዎች አሜሪካ ውስጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጁት ነው። ዘጠኝ ጥያቄ አለው። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይሆናል። በብዙ አገር 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ባለሙያ ቀረብ ብሎ ሊያየው ይገባል ይባላል። ወደ አማርኛ ከተመለሰ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ሲፈተሽ ያው 10 ነጥብ ጥሩ ሆኖ ሠርቷል። በገጠር ጤና ጣቢያዎች ሲፈተሽ ግን የተሻለ የሠራው መለያ ነጥብ 5 ነበር። በ10 ቢቆረጥ ኖሮ ብዙ የታመመ ሰው ደህና ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ስንቱ እንደ እማማ «ድብርትስ የለብኝም፣ ግን…» ብሎ ይሆን እላለሁ። «ግን» ከሚለው ቃል በኋላ የሚመጣውን መጠይቁ አይቆጥረውም።

እኛ አገር ይህ ልፋት ታብሌት ከመምጣቱ በፊት የተጀመረ ነው። ቡታጅራና አካባቢዋ ላይ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በተሠራ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ከቤት ወደ ቤት በወረቀት ተጠይቀዋል። ያን ሁሉ ወረቀት ተሸክሞ ያንን ዳገት የወጣ መረጃ ሰብሳቢ ሁሉ አሁንም ያስቀናኛል። ከሁሉ የገረመኝ ግን አጥኚዎቹ መጠይቁን ብቻ አለማመናቸው ነው። አገሬውን የሚያውቁ ነዋሪዎችን «በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ?» እያሉ ጠይቀዋል። መጠይቁ ያላያቸውን ከባድ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጎረቤት ጠቁሟቸዋል።

እኔም ሥራውን የጀመርኩት በወረቀት ነው። ስለዚያ ዘመን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ለብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርኩትም።

የመጠይቁ ዘጠነኛ ጥያቄ ሰውዬው ብሞት ይሻለኛል ብሎ ወይም ራሱን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ ይጠይቃል። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አንድ ወጣት፣ በግምት የእኔ እኩያ፣ ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ መሬት መሬት እያየ «ከግማሽ በላይ» አለኝ። እስክሪብቶዬ ቁጥሯን ከበበች። አመሰገንኩት፣ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ። ወረቀቱ ከሌሎቹ ጋር በካርቶን ታስሮ ከተማ ገባ፤ ተራው ደርሶ ኮምፒዩተር ላይ እስኪሞላ ሳምንታት አለፉ። የሚሞላው ልጅ ቁጥሯን አይቶ ደነገጠና ደወለልኝ። ሮጬ ስሄድ ያ ወጣት ሰፈሩን ለቆ ሄዷል። ወዴት እንደሄደ እናቱም አላወቁም። እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም።

ታብሌት ሲመጣ ብዙዎቹ የሥራ ባልደረቦቼ የወደዱት ቦርሳው ስለቀለለ ነው። እኔ የወደድኩት ስለ ቀይዋ ገጽ ነው።

ላስረዳ። ኦዲኬ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በ2008 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው የተጀመረው። መጠይቁ ታብሌቱ ላይ ይጫናል፤ ኔትወርክ በሌለበት ይሞላል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ተቆልፎ ወደ ማዕከል ይላካል። አንድ መልስ ሲነካ ቀጥሎ የትኛው ጥያቄ እንደሚመጣ ፕሮግራሙ ራሱ ያውቃል። የእኛዎቹ ልጆች ታዲያ ዘጠነኛው ላይ አንዲት ቀይ ገጽ ጨመሩ። መልሱ ከ«በፍጹም» ውጪ ከሆነ ገጹ ይቀላል። የሳይካትሪ ነርሷ ስልክ ቁጥር ይወጣል። «ደውያለሁ» ብለሽ ሰዓቱን እስክትሞዪ ድረስ መጠይቁ ወደፊት አይሄድም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀላብኝ ከፊቴ የነበረችው የሦስት ወር ሕፃን የታቀፈች እናት ናት። እጄ ተንቀጠቀጠ። በሥልጠናው የተማርነውን አልኳት፦ «ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ፤ ብቻሽን አትቀሪም።» ኔትወርክ አልነበረም። እናቷን ጠርቼ አጠገቧ እንዲቀመጡ ለመንኩና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ጉብታ ወጣሁ። ነርሷ በሁለተኛው ጥሪ አነሳች። ማታውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጣች፤ በሦስተኛው ቀን ነርሷ ራሷ ደረሰች። ያ ሕፃን ዛሬ ፊደል ቆጣሪ ሆኗል።

ታብሌቱ ያደረገው እኔን ማስቆም ነው። መጥታ ከእናቲቱ ጎን የተቀመጠችው ነርሷ ናት። ስለዚህ የአእምሮ ጤና መተግበሪያ ሠራን የሚሉ ወጣቶች ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሲቀላ ማን ነው ስልኩን የሚያነሳው? ብዙ ጊዜ መልስ የላቸውም፤ የሚያነሳ ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በፊት የሚማር ሰው ወደ ውጭ መሄድ ነበረበት። ለረጅም ዘመን አገሪቱ የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነው። ቀይ ገጽ መሥራት የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ ነርስ ማፍራት ግን ዓመታት ይፈጃል። (ይህን የምታነቡ ሰዎች ዘጠነኛው ጥያቄ ውስጣችሁን ከነካው፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያም ሂዱ።)

ስልክን በተመለከተ ያየሁት ስሕተትም አለ። መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ቀጠሮ እንዳይረሱ አጭር መልእክት ይላክላቸው ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው። መልእክቱ ግን «የአእምሮ ሕክምና ቀጠሮዎ ነገ ነው» ይል ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ስልኩ የአባወራው ቢሆንም ማንበብ የሚችለው የጎረቤት ተማሪ ነው። ልጁ ጮክ ብሎ አነበበው። በማግስቱ ለውኃ የወረደው ሁሉ አወቀ። ታካሚው ወደ ጤና ጣቢያው መምጣት አቆሙ። ከዚያ በኋላ ነው መልእክቱ «ነገ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ አለዎት» በሚል የተተካው፤ ማንበብ ለማይችሉትም በድምፅ መደወል ተጀመረ። «የአእምሮ» የምትለው አንዲት ቃል ናት የወጣችው። ይህን ያህል ትርጉም እንዳላት ከተማ ቢሮ ተቀምጦ ማን ያስባል?

በሌላው ዓለም ደግሞ ተመራማሪዎች ስልኩ ራሱ ስለ ባለቤቱ እንዲናገር እያጠኑ ነው። ሰው ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ከቤት ወጥቶ እንደሆነ፣ ለሰው መደወል ቀንሶ እንደሆነ ከስልኩ እንቅስቃሴ ይገምታሉ፤ ሕመሙ ሊያገረሽ ሲል ቀድሞ ለማወቅ ነው። ሐሳቡን አልንቅም። እማማ ቤት ያለው ስልክ ግን የልጃቸው ነው። መብራት ስለሌለ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ቻርጅ ተደርጎ ይመለሳል። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ገበያ ሲዞር እማማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

አሁን ደግሞ የሚያወራው ማሽን መጥቷል። መጀመሪያው ሩቅ ነው፦ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ የኤምአይቲ መምህር ኤሊዛ የምትባል ፕሮግራም ሠራ። ሰው የጻፈላትን መልሳ ጥያቄ ታደርገዋለች፤ ከዚያ የዘለለ ዕውቀት የላትም። የገዛ ጸሐፊው ፕሮግራም መሆኗን እያወቀች ከኤሊዛ ጋር ትንሽ እንደተጨዋወተች ለብቻዋ እንዲተዋት ከክፍሉ እንዲወጣ ጠየቀችው። ዋይዘንባምን ይህ አስደነገጠው፤ ቀሪ ዕድሜውንም ሰውን የሚመለከት ውሳኔ ለማሽን እንዳይሰጥ ሲከራከር ኖረ። እኔ ግን የጸሐፊዋ ነገር ነው የሚያሳስበኝ። የሚሰማት አጥታ የቆየች ሰው ናት ብዬ አስባለሁ።

ከእነዚህ አዳዲስ ማሽኖች በአንዱ ላይ፣ ስሙን ባልጠራውም፣ «ሆዴ ባብቷል» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ። ሙቅ ውኃ እንድጠጣና ሕመሙ ከቀጠለ የሆድ ሐኪም እንድጎበኝ መከረኝ። ማሽኖቹ የሚማሩት ከተጻፈ ጽሑፍ ነው፤ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር በአማርኛ የተጻፈው ጥቂት ነው። ከዚያም ውስጥ ሰው ጭንቁን የሚናገርበት ቋንቋ ይበልጥ ጥቂት ነው፤ ልቅሶ ቤት፣ ጠበል ቦታ፣ ቡና ላይ ይነገራል እንጂ አይጻፍም። ሆድ የሚባባ፣ ልብ የሚሰበር፣ አንጀት የሚቃጠል፣ ራስ የሚዞር ሕዝብ ነን። ይህን ያልሰማ ማሽን አራስ እናት ቢያናግር ያሰጋኛል።

ሰውን በራሱ አባባል ማዳመጥ ሲሠራ ያነበብኩት ስለ ዚምባብዌ ነው። ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ2006 (እ.ኤ.አ.) ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በሚባል ሰፈር 14 አያቶችን አሠለጠኑ። አያቶቹ ጤና ጣቢያ ግቢ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ያዳምጣሉ። መጠይቃቸው የተዘጋጀው በሾና ቋንቋ፣ በሾና ሰዎች አባባል ነው። «ድብርት» አይሉም፤ «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ፦ ሐሳብ መብዛት ማለት ነው። 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2016 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ሲታተም፣ ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በጣም ተሽሏቸው ተገኝቷል። ስልክም ይጠቀማሉ፤ ስልኩ ወንበሩን ያግዛል። «ኩፉንጊሲሳ» የምትለውን ቃል ሳነብ የእማማ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

ከዚያ ከቡናው ቀን ስድስት ወር በኋላ ለክትትል መጠይቅ እማማ ቤት ተመልሼ ሄድኩ። ታብሌቶቹ ላይ የአማርኛ ፊደል ተጭኗል፤ እኔም ሌሎችም ጠይቀን፣ ወትውተን ነው። «ሌላ ካለ ይጻፉ» የሚለው ቦታም ሰፍቷል። እማማ የዚያን ቀን ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ባለፈው የነገሩኝን በደንብ እንዳልጻፍኩት ነገርኳቸው። ቢላዋቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ።

«ታዲያ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«‹ብዙ ያስባሉ› ብዬ።»

«ኧረ እንዲህ አላልኩሽም!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «እኔ መች አሰብኩ? እኔ ተኝቼ ነው። እሱ ነው መጥቶ ይዞኝ የሚሄድ። ተይ፣ አጥፊውና ደግመሽ ጻፊው።»

አጠፋሁት። «ሐሳብ ይዞኝ ይሄዳል፤ ሲነጋጋ ነው የሚመልሰኝ» ብዬ ጻፍኩ። እርሳቸው ፊደል ባይቆጥሩም ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩና እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩላቸው።

«እንዲህ ነው» አሉኝ፣ ቢላዋቸውን እያነሱ። «በይ አሁን ቀጥሎ ያለውን ጠይቂኝ።»